ከጓዳዬ ወደ ፎቅ የወጣው ኬብል

ይህን ነገር ከዳር እስከ ዳር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንድ ጊዜ ጀምሬው ነበር፤ «ዝም በይ» ተባልኩና ዝም አልኩ። ዝም በመባሌ ደግሞ ደስ አለኝ። ዛሬ እንደገና የምጀምረው ስለደፈርኩ አይደለም። መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ድስት ጥጄ እረሳለሁ። በር ቆልፌ፣ መቆለፉን ለማየት እመለሳለሁ። ተንበርክኬ ስጸልይ ለሁሉ እጸልያለሁ፤ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለአገር። ወደዚያ ነገር ስጠጋ ግን «አሜን» ብዬ እነሳለሁ።

የበደልኩት ሰው ዘካርያስ ይባላል። ከሳውላ መጥቶ ጅንካ ላይ ዲሽ በመትከል፣ መብራት በመዘርጋት፣ ኢንተርኔት በመግጠም የሚተዳደር ወጣት ነበር። ወላጆቹን አላውቃቸውም፤ አገሩ ግን አገሬ ነው። እኔም ከጎፋ ነኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ወጥቼ፣ ኋላ ባለቤቴን ጴጥሮስን ተከትዬ ነው እዚህ የገባሁት። ዘካርያስ የሚያመልከውም እኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መዘምራኑ ላይ ማይክ ሲጮህ የሚያስተካክለው እሱ ነበር። «እትዬ አስቴር» ይለኛል። ሲያሻው በአገራችን ቋንቋ ያወራኛል። ይህን የምነግራችሁ በደሌ ባዕድ ሰው ላይ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሥራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።

ጴጥሮስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአርባ ምንጭ ዕቃ ያመጣል፤ ወደ ቱርሚና ወደ ካንጋተን ይጭናል። ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቤታችንን የሠራነው ትንሽ በትንሽ ነው፤ መጀመሪያ ታቹን፣ ከዚያ ሶሌታውን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፎቁን። ፎቁ ሳያልቅ ሁላችንም ታች ነበርን። አንድ ሳሎን፣ አንድ ቴሌቪዥን። ልጄ ቤቲ ፊልም ትላለች፣ ትንሹ ናቲ ጌሜን ልሰካ ይላል፣ አባታቸው ከመንገድ ሲገባ ኳስ ይላል። ሪሞት ሲነጣጠቁ፣ ሲያኮርፉ፣ እኔ ስገላግል ይመሻል። ያን ጊዜ ራሴን ያመኝ ነበር። ጌታ ሆይ ጸጥታ ስጠኝ እያልኩ እጸልይ ነበር።

ፎቁ ሲያልቅ ልጆቹ ወደ ላይ ወጡ። ጴጥሮስ ትልቅ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከአርባ ምንጭ አመጣና ላይ ሰቀለው። የናቲ ጌምም ወደ ላይ ወጣ። ኢንተርኔቱ ግን አልወጣም። ራውተሩ ያለው ታች ሳሎን ነው። ፊልሙ ይቆማል፣ ጌሙ ይቆማል፣ ናቲ ያለቅሳል። ዘካርያስ ተጠራ።

መጥቶ ደረጃው መሃል ቆመና ሶሌታውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው።

«እትዬ አስቴር፣ እዚህ ላይ የጋሽ ጴጥሮስን መኪና ከነጭነቱ ቢያቆሙበት ይችላል። ዋይፋይ ግን አያሳልፍም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በኬብል ይውጣ። ከታቹ ራውተር ኬብል ስበን ላይ ሌላ ትንሽ ራውተር እናደርጋለን። ቴሌቪዥኑም ጌሙም ከዚያ ይጠግባሉ።»

እኔ ፈሪ ነኝ። ኬብል ሲባል መብራት መሰለኝ። ልጆቼ በሚረግጡት ደረጃ እንዳይሄድ አልኩ። አዲስ የተቀባ ግድግዳዬ እንዳይበሳ አልኩ። እሱ የፈለገው በሳሎኑ ጥግ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ መሃሉ ላይ መቀጠያ የሌለው ኬብል ነበር። በጓዳዬ በኩል ያዞረው እኔ ስለለመንኩት ነው። ሲዞር አንዱ ኬብል አልደርስ ስላለው፣ ሁለት ኬብሎች በአንዲት ትንሽ ሳጥን አገናኘ፤ ሳጥኗንም ከበርበሬ ጣሳዎቼ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ያቺን ሳጥን እዚያ ያመጣት የእኔው ጥንቃቄ ነው።

ሲጨርስ ጠራኝ። «እንዳይፈሩት ላሳይዎት» ብሎ የኬብሉን ጫፍ በጣቱ ነካው። «አይነዝርም። እኔ ለሥራ ሃና ከተማ ወርጄ ኔት ቢጠፋ መጀመሪያ እዚህ ይዩ። ይቺ ምላስ መሳይ ፕላስቲክ ቀጭ ስትል ገብታለች ማለት ነው። ቀጭ ካላለች የገባች ትመስላለች እንጂ አልገባችም።» ከዚያ እኔው ራሴ እንድነቅልና እንድሰካ አደረገኝ። ቀጭ ሲልልኝ ሁለታችንም ሳቅን።

«በቃ፣ ተመረቁ!» አለኝ።

አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁትን እኔን ታግሶ አስተማረኝ። ያስተማረኝን ምን አደረግሁበት?

ኢንተርኔቱ ፎቅ ከደረሰ በኋላ ቤቴ ጸጥ አለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ቦርሳቸውን ደረጃው ሥር ይጥላሉ፣ ወደ ላይ ይሮጣሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ኮቴያቸውን አዳምጣለሁ። ይሄ የቤቲ ነው፣ ይሄ የናቲ ነው። አሁን ተነሱ። አሁን ተቀመጡ። ይስቃሉ፤ በምን እንደሚስቁ አላውቅም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ቢሆንም ምክንያት እየፈለግሁ እወጣለሁ። የታጠበ ልብስ ይዤ እወጣለሁ። ውሃ ይዤ እወጣለሁ። ባዶ እጄንም እወጣለሁ።

«ቤቲ፣ ምንድን ነው የምታዪው?»

«ምንም አይደል ማሚ፣ የኮሪያ ፊልም ነው።»

«ምን እያሉ ነው?»

«ኧረ ረጅም ነው፣ ብነግርሽም አይገባሽም።»

አፈ ክፉ ልጅ አይደለችም። ዓይኗን ሳታነሳ ነው ያለችኝ። ከምስሉ ሥር የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ አላነበውም። በጸሎት ቡድናችን እህቶች የማን ልጅ ምን አየች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ተጻጻፈች ሲሉ ሰምቼ እመጣለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ከላይ የቤቲን ሳቅ እሰማለሁ። ለልጄ ፈራሁ። ይህን ፍርሃቴን ለራሴ ምስክር አድርጌ እያቆምኩ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። እናት ነኝ፣ ፈራሁ፣ እላለሁ። እውነቱ ግን እሱ ብቻ ነው?

አንድ ቀን ምሳ አቅርቤ ተጣራሁ። «መጣን» አሉ። አልመጡም። ደግሜ ተጣራሁ። «መጣን አልን እኮ!» ወጡ ቀዘቀዘ። ጨው ላመጣ ጓዳ ገባሁና ሳጥኗን አየኋት። እጄ ሳላዘው ሄደ ብል ውሸት ነው። አዝዤዋለሁ። ምላሷን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩና ኬብሉን ትንሽ ሳብ አደረግሁት። ጭራሽ አልነቀልኩትም። የገባ እንዲመስል ተውኩት። ይህን ልብ በሉልኝ። የገባ እንዲመስል ተውኩት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ መደበቅ ያለበት ነገር እንደሆነ አውቄ ነበር።

ጨዉን ይዤ ሳልወጣ ከላይ «ኦ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ደረጃው ተንጓጓ።

«ማሚ፣ ኔት ጠፋ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኑ ብሉ» አልኩ።

በሉ። ናቲ ከበላ በኋላ ራሱን ጭኔ ላይ ጣለ። ቤቲ የሒሳብ አስተማሪያቸው እንዴት እንደሚራመድ ተነስታ አሳየችን፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ በአሮጌው ቴሌቪዥን ምን እንይ ተባብለው ተጣሉ፤ እኔም ገላገልኩ። ያን ከሰዓት እንዴት እንደወደድኩት! እንግዲህ ራሴን ልጠይቅ። ለልጄ ፈርቼ ከሆነ፣ አጠገቤ ስትቀመጥ ላይ ስለምታየው ነገር ለምን አንዲት ቃል አልጠየቅኋትም? ልጅዋን ከክፉ ያዳነች እናት አልነበርኩም። ብቻዋን መቀመጥ የከበዳት ሴት ነበርኩ። ልጆቼ ወደ እኔ የሚወርዱት ላይ የሚያዩት ሲያጡ መሆኑን አወቅሁ፤ ባወቅሁትም ተጠቀምኩ።

ከዚያ ለመድኩት። ሲከፋኝ እነቅለዋለሁ። ዝናብ ሲከብድና ቤቱ ሲጨልም እነቅለዋለሁ። የጴጥሮስ ስልክ አልሠራ ሲለኝ፣ መኪናው ተገልብጦ ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ ልጆቹ አጠገቤ እንዲሆኑ እነቅለዋለሁ። ጴጥሮስ ሲመጣ ልጆቹ ይነግሩታል፤ ጴጥሮስም ዘካርያስን ይጠራል። የውጭው በር ሲንኳኳ ጓዳ ገብቼ ቀጭ አደርገዋለሁ። ዘካርያስ ወጥቶ ሲያየው ሁሉም ይሠራል።

«ይኸው ሠራ! አንተን ይፈራሃል» ይለዋል ናቲ።

«ማታ ማታ ፎቶዬን አሳዩት» ይላል ዘካርያስ።

በመጀመሪያ እንዲህ ይቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱ ቀረ። የኬብሉን ጫፎች ቆርጦ በአዲስ ተካቸው። የላዩን ራውተር ቀየረ። ሳጥኗን ቀየረ። በመጨረሻም ኬብሉን ሙሉ በሙሉ መዝዞ በራሱ ወጪ ሌላ አስገባ። እኔ መሰላሉን ይዤለት ቆሜያለሁ። ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ሻይ አቅርቤለት «በርታ ልጄ» ብዬዋለሁ። በማግስቱ ነቀልኩት። ይህች ሴት ክፉ ናት ብላችሁ ብትፈርዱ አልከራከራችሁም። እኔ ግን ያን ጊዜ ክፉ አልመሰልኩኝም። ሁልጊዜ ነገ አቆማለሁ እል ነበር። ነገ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ጅንካ ወሬ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። መጀመሪያ የጴጥሮስ ጓደኞች ሰሙ፣ ከዚያ ጸጉር ቤቱ፣ ከዚያ ገበያው። «የጅንካ መብራትና የዘካርያስ ኔት ወንድማማች ናቸው» ተባለ። ዲሽ የተከለላቸው ሰዎች ሁሉ ምስሉ በዝናብ ሲረበሽ ስሙን ያነሱ ጀመር። ድሮ ሲሠራላቸው የኖረው ሁሉ ተረሳ።

አንድ ቀን ዘካርያስን ጓዳ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳጥኗን ሲያይ አገኘሁት።

«እትዬ አስቴር፣ እዚህ ማን ይገባል?»

«ማን ይገባል? እኔና አይጥ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን አቆመና በአገራችን ቋንቋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አይጥ ይቺን ምላስ መጫን አይችልም» አለኝ። ቤት ውስጥ ጴጥሮስና ልጆቹ አሉ፤ ጎፍኛ ከእኛ በቀር የሚሰማ የለም። ማንም ሳይሰማ እንድናገር በር ከፈተልኝ። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» ብለው ኖሮ ሁለታችን ተያይተን፣ ምናልባትም ተሳስቀን፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይቀር ነበር። እኔ ግን በአማርኛ መለስኩለት። «ምን አውቃለሁ ልጄ! ሥራው ያንተ ነው!» አልኩ፤ ሳሎን ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን ሰበሰበ።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹ ወደ ላይ ሮጡ፤ እኔም ለምሳ እንዲወርዱልኝ እንደለመድኩት ነቀልኩት። ጴጥሮስ እንግዳ እንደሚያመጣ አልነገረኝም ነበር። ሹፌር ጓደኞቹን ይዞ ገባ። ትልቅ ጨዋታ ነበር፤ «ፎቅ ላይ ተንጋለን፣ በትልቅ ስክሪን» ብሏቸው ነው ያመጣቸው። ወጡ። ወዲያው የጴጥሮስ ድምፅ መጣ። «ዛሬም? ዛሬም ጠፋ?»

ጓዳዬ ውስጥ ጎረቤቴና የጴጥሮስ እህት ሽንኩርት እየላጡ ነበር። መግባት አልቻልኩም። ይህን ሰበብ አድርጌ ልተወው ይቻለኝ ነበር፤ ግን ሙሉውን ለመናገር ነው የተነሳሁት። ሁለቱም ውሃ ሊቀዱ የወጡበት ጊዜ ነበር። ገባሁ። እጄን አነሳሁ፤ ኬብሉን ነካሁት። ጴጥሮስ ከደረጃው ላይ «ዘካርያስን ባገኘው!» ሲል ሰማሁ። አሁን ቢሠራ፣ እኔም ከጓዳ ስወጣ ቢያየኝስ? እጄን ከኬብሉ አውርጄ የበርበሬ ጣሳ አነሳሁና ወጣሁ። እንግዶቹ ወርደው በአሮጌው ቴሌቪዥን ፊት ጉልበት ለጉልበት ተጨናንቀው ተቀመጡ። ጎሉ አምልጧቸው ነበር።

«ጴጥሮስ፣ ፎቁን ለእርግብ ነው እንዴ የሠራኸው?» አለው አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ጴጥሮስም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ፣ እኔ ዘንቢል ይዤ አጠገቡ ቆሜ፣ ጴጥሮስ ዘካርያስን አገኘው።

«አንተ ሌባ! ሆን ብለህ እያበላሸህ መመላለስ ነው ሥራህ!»

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሌባ አይበሉኝ። ኬብሉ ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ለምን ይጠፋል?»

ዘካርያስ እኔን አየኝ። ረጅም አይደለም፤ ሰው ሰላም ለማለት የሚያይህን ያህል ነው። ከዚያ መሬት አየ። ዝም አለ። ጴጥሮስ ዝምታውን ማመን አድርጎ ወሰደውና ኮሌታውን አነቀው። ሸሚዙ ተቀደደ። ሰው ገላገለ። እኔስ? እኔ «ኧረ ተዉ፣ ኧረ ስለ ጌታ!» እያልኩ ጮህኩ። ከሁሉ የሚበልጥ ጩኸት የእኔ ነበር።

አንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ስለሆንን ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀመጡ። ዋናው ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ያን ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ እያስገነቡ ነበር፤ የክፍሎቹን ኢንተርኔት ሁሉ እንዲዘረጋላቸው ዘካርያስን አነጋግረውት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሥራ ቢሆንለት ከተማው ውስጥ ሰው ሆኖ መቆሙ ነበር።

«ልጄ፣ ሥራህ ላይ ጉድለት አለ?» አሉት።

«አላገኘሁም።»

«ኔቱ ግን ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«ታዲያ ማን ያጠፋዋል?»

ዘካርያስ የእጁን መዳፍ እያየ፣ «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ጴጥሮስ በንዴት ተነፈሰ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተው እንግዲህ። ጥፋት ይኑርብህ አይኑርብህ እኛ አናውቅም። አንተ ግን ታናሽ ነህ። እነዚህ በዕድሜ አባትና እናትህ ናቸው። ታናሽ ዝቅ ይላል። ይቅርታ ጠይቅና ነገሩ እዚሁ ይብቃ።»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ታላቅ ተቆጥቶ ታናሽ ከቆመ ነገር አያልቅም። ዘካርያስ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ የጴጥሮስን ጉልበት ያዘ። ጴጥሮስ ብድግ አደረገው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ አለ።

«እትዬ አስቴር፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ» አልኩ። በዚያ አላቆምኩም። «እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ» አልኩት። ሁለተኛዋን ማን ጨምሪ አለኝ? የበደልኩትን ሰው ይቅር አልኩት። እግዚአብሔርንም ጨመርኩበት። ኬብሉን መንቀሌን ሰው ሊረዳልኝ ይችል ይሆናል፤ እናት ነች፣ ተጨንቃ ነው ይል ይሆናል። ይህን ግን ማንም አይርዳልኝ። አንገቱ ከእጄ ሥር ነበር። ጸጉሩን ዳሰስኩት። መረቅሁት።

ሽማግሌዎቹ ጸልየው ሲወጡ ጓዳ ገብቼ ምላሷን ቀጭ አደረግኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካኋትም። መካሴ ነበር፤ ከእንግዲህ አልበድለውም ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ኔቱ ስላልጠፋ ሰዎች «አያችሁ!» አሉ። «ሲያዝ አስተካከለው። መጀመሪያም ሆን ብሎ ነበር።» መልሼ ብነቅለው ሥራው መጥፎ ነው ይባላል፤ ብተወው አታላይ ነበር ይባላል። ስንት ቀን ጓዳ ገብቼ እዚያች ሳጥን ፊት ቆምኩ! መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ አፌ። እሱን አልከፈትኩትም።

ጋሽ ደምሴ ለማረፊያቸው ከአርባ ምንጭ ባለሙያ አስመጡ። ለምን ቢባሉ፣ «እኔው ፊት ይቅርታ ጠይቋል እኮ። ጥፋት ባይኖርበት ይጠይቅ ነበር?» አሉ። ጥፋት ይኑርብህ አይኑርብህ ብለው ያስጎነበሱት እሳቸው ናቸው። ይህን ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩ። «እሱስ ልክ ነው» ያለችው ሴት እኔ ነኝ።

ዘካርያስን የሚጠራው እየቀነሰ ሄደ፣ ቆይቶም ጠፋ። መሰላሉን ሸጦ ወደ ቱርሚ ወረደ። መዝሙር ላይ ማይኩ ሲጮህ ሰው ዞር ይልና ማንም አይነሳም። እኔ እግሬን አያለሁ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጴጥሮስ ከመንገድ ገብቶ እጁን እየታጠበ፣ «ያን ዘካርያስን አየሁት» አለኝ።

«የት?»

«ቱርሚ። ጭነት ያወርዳል። የእኔንም ጆንያ እሱ ነው ያወረደው።»

«አናገረህ?»

«አዎ፣ ምንም ቂም የለውም። እትዬ አስቴርን ሰላም በሉልኝ አለ። ልጆቹስ አለኝ። ኔቱስ ይሠራል አለኝ። አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም አልኩት። ጥሩ ነው፣ አለ።»

ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት። «ጴጥሮስ፣ ያን ኬብል እኮ እኔ ነበርኩ...» አልኩ። ፎጣው እጁ ላይ ቀረ። ብዙ አላስቀጠለኝም።

«ዝም በይ» አለኝ። «ገበያ መሃል ያነቅሁት እኔ ነኝ። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ይሄ ቢወራ በየት በኩል እሄዳለሁ? ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ባሌን ታዘዝኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ሸክሜን ግማሹን እሱ ላይ ጥዬ መገላገሌ ነበር። አሁን እሱም ቱርሚ ሲጭን ዝም ብሎ ይወጣል፣ ዝም ብሎ ይገባል።

ቱርሚ ወርጄ እግሩ ላይ ልውደቅ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። መኪናው የእኛ ነው፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ። ግን ለማን ብዬ ነው የምሄደው? ብወድቅ ያነሳኛል። ይቅር ብዬዎታለሁ ይለኛል፤ ያን አውቃለሁ፣ እንዲያ ያለ ሰው ነው። እኔ ቀሎኝ እመለሳለሁ፤ እሱ ጆንያ ያወርዳል። ስሙ የጠፋው ቱርሚ አይደለም። ስሙ የጠፋው ጅንካ ነው፤ ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ያጠፋሁትን ተደብቄ ልመልስ? ስለዚህ ነው የጅንካ ሰው ሁሉ በሚያነበው በዚህ ገጽ የጻፍኩት። ጴጥሮስ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። ጋሽ ደምሴ ያፍሩብኛል፤ ይፈሩብኝ። ልጆቼ ያነቡታል። ቤቲ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነች፤ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የእሷ ቃል ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም፤ ይቅርታዬም በእናንተ እጅ የለም። ዘካርያስንም ገና አልጠይቀውም፤ መጀመሪያ የወሰድኩበት ይመለስለት። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጅንካ ውስጥ፣ በጸጉር ቤትም ይሁን በገበያ፣ ስለዚያ ልጅ ሥራ ክፉ የሚናገር ሰው ብትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ስሜን አትደብቁልኝ። ዘካርያስ የዘረጋው ኬብል ደህና ነበር፣ በሉ። የምትነቅለው የቤቱ እመቤት አስቴር ነበረች፣ በሉ።